በፈረቃ የሚጸና ቧንቧ

ሐምሌ 7፣ ሰኞ

ይህን ደብተር ልጄ ታቢታ ትናንት ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ጠረጴዛ ላይ ትታልኝ ሄደች። የደም ግፊት መጻፊያ ነው። ከላይ ስንት፣ ከታች ስንት፣ ኪኒን ዋጥኩ ወይስ አልዋጥኩም፤ ሥራው ይኸው ነው። መቶ ገጽ አለው። መቶ ገጽ ሙሉ ስለ ግፊት የሚጽፍ ሰው ጤነኛም ቢሆን ግፊት ይይዘዋል። ስለዚህ የራሴን ጉዳይ እጽፍበታለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ የምስክር ወረቀቱ ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል፤ መስታወቱ ብቻ ነው የተሰነጠቀው።

ግፊት፦ 158 በ 92። ኪኒን፦ ውጫለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። ባለፈው ዓርብ፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን፣ ታቢታ ወጥ ቤት ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች። የቧንቧውን አንገት ወደ ግራ ላዙር ስትል ቧንቧው ከነሥሩ ዞረ። ከታች ውሃ የሚያመጣው ላስቲክ ተነቀለና ውሃው በአዲሱ ቀሚሷ ላይ ሄደ። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ሐይቅ ገብታ የወጣች መስላ ቆማለች። ሳቅሁ። መሳቄ ስህተት ነበር።

«አባባ፣ ይሄ ቤት እርስዎን አይችልም፤ እርስዎም ቤቱን አይችሉትም» አለች።

«የላላው ቧንቧው ነው፤ እኔ አይደለሁም።»

«ቧንቧው ብቻ? ስልክ አያነሱ። ምግብዎን በሰዓቱ አይበሉ። እማማ ከሄደች ወዲህ እዚህ ግቢ ሰው ሲገባ አላየሁም። ከሔኖክ ጋር ተነጋግረናል፤ ክፍል አዘጋጅተንልዎታል። በጳጉሜ መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ ቤቱ ይከራያል።»

ሔኖክ ባሏ ነው፤ ደህና ሰው ነው። ግን የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰው በሰማይና በምድር መካከል ተሰቅሎ ይጦራል?

ያኔ አፌ ቀደመኝ። «ስሚ» አልኳት፣ «በጳጉሜ ስትመጪ ይሄ ቧንቧ የፀጉር ታህል ከተነቃነቀ፣ ሻንጣዬን ራሴ ሸክፌ በር ላይ ታገኚኛለሽ። ካልተነቃነቀ ግን ሁለተኛ አዲስ አበባ እንዳትዪኝ።»

«ማን ሊሠራልዎት?»

«ማንም። በገዛ እጄ። ብቻዬን።»

እጇን ዘረጋች። መታሁት። ቃል ነው አለች፤ ቃል ነው አልኩ።

አርባ ዓመት ጀልባ የሠራ ሰው ለአንድ ቧንቧ አይሸነፍም።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ውሃ መጣ። ከሥር ገብቼ አየሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ቧንቧው በዕቃ ማጠቢያው ቆርቆሮ ቀዳዳ ገብቶ ከሥር በዳዶ ይታሰራል። ዳዶው ላልቷል፤ በመፍቻ ማጥበቅ ነው።

አጠበቅሁ። ከላይ ያለው አብሮ ዞረ።

እንደገና አጠበቅሁ። እንደገና ዞረ።

ወገቤ አልዞር አለ። ተውኩት።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

መሃል ከተማ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። ከድር ሱቅ የሄድኩት መንገዴ ላይ ስለሆነ ብቻ ነው። ሁለት ባጃጅ ቀይሬ ደረስኩ።

ከከድር ጋር ዓመት ከአምስት ወር አልተነጋገርንም። ምክንያቱ ዳማ ነው። ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር በቆርኪ እንጫወት ነበር፤ የእሱ ቆርኪ ፊቱን ወደ ላይ፣ የእኔ ተገልብጦ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲያ ነው። አንድ ቀን ወደ ሐይቁ ትንሽ አይቼ ዓይኔን ስመልስ፣ የእሱ አንድ ቆርኪ ሁለት ቤት ተራምዷል።

«አንቀሳቀስከው» አልኩት።

«ነፋስ ነው» አለ።

ነፋስ! ነፋስ ዳማ ይጫወታል? ገበታውን ገልብጬ ወደ ቤቴ። ባለቤቴ ሙሉጌጥ ካረፈች ሁለት ወር አልሞላትም ነበር። ይህ ግን ከእሷ ጋር አይገናኝም። ሌብነት ሌብነት ነው።

ዛሬ ሱቁ ውስጥ ልጁ ሙንተሃ ከፊት ቆማለች፤ ሱቁን አሁን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ከድር ከኋላ በርጩማ ላይ፣ ሐይቁ ዳር እንደሚቆመው አሞራ እንደ አባ ኮዳ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ተቀምጧል።

«ሙንተሃ ልጄ፣ የቧንቧ ሮንዴላ ስጪኝ። ያች ዳዶ ሥር የምትገባውን ቀለበት።»

ከድር ለልጁ፦ «የስንት ቁጥር ነው በይው ሰውየውን።»

«የዕቃ ማጠቢያ ነው በይው አባትሽን።»

«የዕቃ ማጠቢያ ሁሉ አንድ አይደለም በይው።»

ሙንተሃ አንዴ ወደኔ አንዴ ወደሱ አየች። «ጋሽ ማርቆስ፣ ሁለታችሁም እኮ ትሰማላችሁ» አለችኝ።

ሮንዴላዋን ይዤ ወጣሁ። ከድር ከስቷል። ለምን እንደከሳ አልጠየቅሁም፤ አያገባኝም።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

ከአምልኮ በኋላ ግዛቸው በር ላይ ያዘኝ። አንድ ጉባኤ ነን፤ ዘማሪ ነው፤ ድምፁ መልካም ነው፤ ዓይኑ ግን የሰው ቤት ላይ ያርፋል።

«ጋሽ ማርቆስ፣ አዲስ አበባ ሊገቡ ነው አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን። ቤቱንስ ለማን አሰቡ?»

«ለማርቆስ» አልኩት።

«የቱ ማርቆስ?»

«ፊትህ የቆመው።»

ሳቀ። አብሬው አልሳቅሁም። ታቢታ ለስንቱ ሰው ነው የነገረችው?

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ዛሬ ውሃ አለ። ድልም አለ።

ነገሩ ገብቶኛል። ዕቃ ማጠቢያው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ቧንቧው የሚደገፍበት አጥንት የለውም። ከመጨረሻዬ ጀልባ የተረፈ የዋንዛ ቁራጭ ነበረኝ። ጠርቤ፣ መሃሉን በስቼ፣ ከቆርቆሮው ሥር አስገባሁት። ዙሪያውን በቀጫጭን ሽብልቅ ወጠርኩት። የተረፈውን ክፍተት በጥጥና በሬንጅ ደፈንኩት። ጀልባ የሚሠራው እንዲህ ነው። አባያ ዳር ሙያውን ያስተማረኝ ሰውዬ «አንተ ሳንቃውን አገጣጥም፤ የሚያጠብቀው ውሃው ነው» ይለኝ ነበር። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ይጠብቃል።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧውን ያዝኩት። አለት። በሁለት እጄ ገፋሁት። አለት!

ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል፣ ቆሮሶ ገዝቼ ጠበስኩ። ሁለት ዓሣ ጠበስኩ፤ ከልማድ ነው። ሁለቱንም በላሁ።

ኪኒን፦ ውጫለሁ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ተነቃነቀ።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ውሃ መጣ። አመሻሹ ላይ ነካሁት። አልተነቃነቀም። ትናንት በሕልሜ ይሆን እንዴ?

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነካሁት። እንደ ሕፃን ጥርስ ይወዛወዛል። ዓርብ አለት፣ እሁድ ጥርስ። ይህ የከድር ሮንዴላ ሥራ ነው። አውቆ የተበላሸ ሰጥቶኛል። ነገ ፊቱ ላይ እወረውርበታለሁ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

አልወረወርኩም፤ ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀመጥኩት። ሱቁ በሰው ተሞልቷል።

«ሙንተሃ፣ ይሄ ዕቃ ተንኮል አለበት። አንዳንድ ቀን ያጠብቃል፣ አንዳንድ ቀን ይለቃል።»

ከኋላ፦ «የሚለቀው መቼ መቼ ነው በይው።»

«ሐሙስ። እሁድ።»

«የሚያጠብቀውስ?»

«ማክሰኞና ዓርብ።»

በርጩማው ተንቀጠቀጠ። ቀና ስል ከድር እንባው እስኪፈስ ይስቃል። «ሙንተሃ! እንጨት ከቶበታል! ሰውየው ወጥ ቤቱ ውስጥ ጀልባ ሠርቷል! ውሃው በፈረቃ፣ ቧንቧውም በፈረቃ!»

ሱቁ ሁሉ ሳቀ። አንዱ ሲሚንቶ ሊገዛ የመጣ ሰውዬ ትከሻዬን ይዞ ሳቀ፤ አላውቀውም እኮ። ከድር ዓይኑን ጠርጎ በቀጥታ ወደኔ ዞረ፦ «አንተ ማርቆስ፣ ሐይቅ ከጀልባ ሥር ሄዶ አያውቅም። የኛ ሰፈር ውሃ ግን ሁለት ቀን መጥቶ አምስት ቀን ይሄዳል። እንጨትህ ያብጣል፣ ይደርቃል።»

አልመለስኩለትም። ሰላምታ አይደለም፤ ስድብ ነው። ግን በቀጥታ ነው የተናገረኝ፤ በልጁ በኩል አይደለም። መዝግቤዋለሁ።

ባጃጅ ውስጥ ሳቄ መጣ። ባለባጃጁ በመስታወቱ ሲያየኝ ሳል አስመሰልኩት።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ሽብልቁን ትናንት በሙሉ ነቅያለሁ። እንደ ልማዴ፣ ውሃው ሲመጣ እንድሰማ ቧንቧውን ክፍት ትቼ ጓሮ ነበርኩ። ውሃው በኃይል መጣ፤ ቧንቧው ዞረ፤ ከማጠቢያው ውጪ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሮጬ ስገባ ጉልበቴ ትንሽ ወለሉን ነካ።

ከድር ዙህር የሚለው የቀትሩ አዛን ሲባል ነበር። ወለሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ትንሽ አረፍኩበት። ጣሪያውን በደንብ አየሁት፤ በጥጉ በኩል አንድ ቆርቆሮ ዝጓል፣ መቀየር አለበት። ሳሎን ስልኩ ጮኸ። እጄ እርጥብ ስለነበር አላነሳሁም። እንደገና ጮኸ። አስር የሚለው የከሰዓቱ አዛን ሲባል ተነሳሁ። ውሃው ሄዷል፤ አንድም ጀሪካን አልሞላሁም።

ኪኒን፦ ውጫለሁ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ታቢታ ደወለች።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ወጥ ቤት።»

«ሦስቴ ደወልኩ እኮ፣ አባባ!»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ውሸት አይደለም። ሁለቴ ነው የሰማሁት፤ ሦስተኛውን አላስታውስም።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ከድር ሱቅ። ሌላ ሮንዴላ። የበፊቱ ጠፍቶብኛል።

ሙንተሃ፦ «ጋሽ ማርቆስ፣ ክርንዎን ምን ነካው? ጠቁሯል እኮ።»

«በር ነው።»

ከድር ከኋላ፣ ራሱን ሳያዞር፦ «በሩ ወድቆ ይሆናል።»

«በር አይወድቅም» አልኩት። ለካ በቀጥታ መለስኩለት።

«ካረጀ ይወድቃል» አለ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ዛሬ በብልሃት ነበር የተነሳሁት። ችግሩ አንድ ነው፤ ከሥር ሳጠብቅ ከላይ ያለው አብሮ ይዞራል። እንግዲህ ከላይ ያለውን ማሰር ነው። የመረብ ገመድ አመጣሁ። የቧንቧውን አንገት በሦስት ዙር አስሬ ከመስኮቱ ብረት ጋር ወጠርኩት። የዓሣ አጥማጅ ቋጠሮ ነው፤ ሞተር ያለው ጀልባ ይይዛል።

ከሥር ገባሁ። መፍቻውን ያዝኩ። አንድ ዙር፣ ደህና። ሁለተኛው ላይ ገመዱ ሲላላ፣ ቧንቧው ሲዞር ይሰማኛል። ሊያልቅ ሩብ ዙር ነው የቀረው!

«ያዢው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

ማንም አልያዘም።

መፍቻውን ደረቴ ላይ አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ዛሬ ይብቃኝ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ውሃ መጣ። ጀሪካን ሞላሁ።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ዝናብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ቁጭ ብዬ አሰብኩ።

ይህን ዕቃ ማጠቢያ ያስገባሁት ታቢታ ትምህርት ቤት በገባችበት ዓመት ነው። ለመጣው እንግዳ ሁሉ «በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» እያልኩ አሳይ ነበር። ሙሉጌጥ ከኋላዬ ቆማ ፈገግ ትላለች፤ አንድ ቀን ቃል ተናግራ አታውቅም። ደስ ብሏት ነው እል ነበር።

ያን ቀን ከላይ የያዘችው እሷ ናት። እጇ ዱቄት ነበር፤ ቧንቧው ላይ የጣቷ ምልክት ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር። እኔ ከሥር ሆኜ «ያዢው!» እላለሁ። «ይዣለሁ።» «እንዳትለቂው!» «አልለቅም፤ አንተ ጨርስ።» መሃል መሃሉን መዝሙር ታንጎራጉራለች፤ እኔ ደግሞ «ዝም በይ፣ ልቤን አትስረቂው» እላታለሁ። ይኸው ዛሬ ቤቱ ዝም ብሏል፤ ዳዶው ግን አልጠበቀም።

ጀልባውም እንዲሁ ነው። ሳንቃ ስመታ ጫፉን ማን ይዞ ነበር? ሬንጁን ማን ያፈላ ነበር? ሐምሌ 7 ላይ «አርባ ዓመት ጀልባ የሠራ ሰው» ብዬ ጽፌአለሁ። እርማት ያስፈልገዋል፤ ግን በእስክሪብቶ ነው የተጻፈው፤ አይፋቅም። ይኸው እዚህ ጻፍኩት።

ግፊት አልለካሁም። ማሽኑ ክንድ ያንቃል።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ግዛቸው ከሚስቱ ጋር መጣ። ሊጠይቁኝ ነው አሉ። ሚስቲቱ ተቀምጣ በዓይኗ መጋረጃ ትለካለች። ውሃ ልጠጣ ብላ ወጥ ቤት ገባች፤ ከዚያ ሆና «ውይ፣ ይሄ ቧንቧ ይነቃነቃል!» አለች።

«ለሚነካው ነው የሚነቃነቀው» አልኩ።

ጸልየውልኝ ሄዱ። «ጌታ መንገዱን ያቅናልዎ» ብለው። የቱን መንገድ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጳጉሜ ሊገባ አሥራ ሰባት ቀን ነው የቀረው።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ይህን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ እጄ ግን ይደክማል።

ጠዋት ከድር ሱቅ ሄድኩ። «ሮንዴላ» አልኩ። ሙንተሃ ልታወጣ ስትል ከድር ከበርጩማው ተነሳ።

«አምስተኛህ ነው» አለ። «ትበላዋለህ እንዴ?»

«ይጠፋብኛል።»

«ከላይ ማን ይይዝልሃል?»

ለጥያቄው መልስ ነበረኝ፤ «ማንም አያስፈልገኝም» የሚል። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

«ማንም» አልኩ። የቀረውን አላልኩም።

ከድር ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረደ። ከመደርደሪያው አንድ ወፍራም ላሜራ መረጠና ለሙንተሃ ልክ ነግሮ መሃሉን አስበሳት። ከጎማ ቁራጭ ክብ ቆረጠ። «ሱቁን ጠብቂ» አለ። ሃያ ዓመት ሳውቀው ያ ሰው በሥራ ሰዓት ለሶላት ካልሆነ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። ባጃጅ ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሁለተኛው ባጃጅ ላይ «መንገዱ ረጅም ነው» አለ። «መንገዴ ላይ ነው» አልኩት።

ቤት ገባን። ሳሎን የሙሉጌጥ ፎቶ ፊት ቆም አለ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ የተንጠለጠለውን የመረብ ገመድ አየና ምንም አላለም። ይህን ውለታ አልረሳውም።

እኔ ከሥር ገባሁ፤ በጀርባዬ ተኛሁ። እሱ ከላይ ቧንቧውን በሁለት እጁ ያዘ። ከቆርቆሮው ሥር መጀመሪያ ጎማውን፣ ከዚያ ላሜራውን አስገባሁ። ሮንዴላዋን በከንፈሬ ይዣለሁ። ከታች የሚታየኝ የከድር ጫማ ብቻ ነው።

«ማርቆስ» አለ።

«እም።»

«ነፋስ አልነበረም።»

እጄ ቆመ።

«እኔ ነኝ ያንቀሳቀስኩት። ሙሉጌጥ ካረፈች በኋላ በየቀኑ ከቤት እየጎተትኩ አውጥቼህ ነበር። ትመጣለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ስበላህም ዝም፣ ስትበላኝም ዝም። አንተ፣ አንድ ቆርኪ ስትበላ ሰፈሩን የምትቀሰቅስ ሰውዬ! ፈራሁ። እስቲ ልስረቀውና ይጩህብኝ አልኩ። ጮኽክ። አልሐምዱሊላህ፣ ነቃ አልኩ። ከዚያ ገበታውን ገልብጠህ ሄድክ። ነገ ይመጣል አልኩ። ቀረህ።»

ቀኝ ጫማው ግራውን ይረግጣል። እኔ መናገር አልችልም፤ አፌ ውስጥ ሮንዴላ አለ። አውጥቼው ልናገር ስል ልውጠው ነበር።

ሮንዴላዋን አስገባሁ፤ ዳዶውን በጣቴ ጀመርኩ።

«ሌባ» አልኩት ከሥር ሆኜ።

«ሌባ ነኝ» አለ ከላይ።

«ሌባ ከሆንክ አጥብቀህ ያዝ።»

«ይዣለሁ።»

«እንዳትለቅ!»

«አልለቅም፤ አንተ ጨርስ።»

ይህችን ቃል ማንም አላስተማረውም።

መፍቻውን አዞርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ብረት ብረትን ነከሰ፤ እስከ ትከሻዬ ተሰማኝ። ሩብ ዙር ጨመርኩ። አለቀ። ከሃምሳ ቀን ያላነሰ ያደከመኝ ነገር ሁለት ሰው ሲሆን ሻይ እስኪፈላ አልፈጀም። አርባ ሦስት ቀን ነው ለካ፤ አሁን ቆጠርኩት።

መነሳት አልቻልኩም። ከድር ጎትቶ አነሳኝ፤ ሁለታችንም እንደ አሮጌ ጀልባ ተንጫጫን። ክርኔን አየት አድርጎ «ስትወድቅ ለምን አልደወልክልኝም?» አለ።

«ማን ወደቀ?»

«በሩ ነዋ።»

«በሩ ስልክ የለውም» አልኩት። ሳቅን። ሁለት ሽማግሌ ወጥ ቤት ቆመን እስኪያስለን ሳቅን።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ውሃ አለ። አልተነቃነቀም።

ነሐሴ 21፣ ረቡዕ

ውሃ የለም። አልተነቃነቀም! ፈረቃው ቀረ።

ከድር ከሱቅ ሲወጣ መጣ። ሊያየው ነው አለ። አየው። ከዚያ ገበታው የት ነው አለ።

ነሐሴ 25፣ እሁድ

እኔ አራት፣ ከድር ሁለት። ወጥ ቤት ነው የምንጫወተው፤ እዚያ ነፋስ የለም። ቧንቧውም ይታያል። በየጨዋታው መሃል ተነስቶ ይገፋዋል፤ እኔም ተነስቼ ቆርኪዎቹን እቆጥራለሁ።

ነሐሴ 29፣ ሐሙስ

ነገር አለ። ሌሊት ነቃሁና ያዘኝ። ለታቢታ ያልኳት «በገዛ እጄ፣ ብቻዬን» ነው። እጇን መትቻለሁ። ቧንቧው ጸንቷል፤ እውነት ነው። ብቻዬን ግን አይደለም። እንዲህ ከሆነ ተሸንፌአለሁ።

ለከድር ነገርኩት። «ማን ያያል? እኔ አልናገር» አለ።

«አንተማ ቆርኪ የምታራምድ ሰው ነህ።»

ተቀየመ። ተቀይሞም ሦስት ጨዋታ አሸነፈ። ሲሄድ በር ላይ ቆሞ «በቃ፣ ትሄዳለህ?» አለ። «ቃል ነው» አልኩ። ደህና እደር ሳይል ሄደ።

ጳጉሜ 2፣ እሁድ

ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣሁ። ሸከፍኩ። ብዙ የሚሸከፍ የለም።

ቧንቧውን ገፋሁት። ትንሽ ቢነቃነቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ በሐቅ እሸነፍ ነበር። ወይ ፍንክች!

ጳጉሜ 3፣ ሰኞ

ታቢታ ከቀትር በፊት ደረሰች። ሳመችኝ፤ ቦርሳዋን ወርውራ ቀጥ ብላ ወጥ ቤት። በሁለት እጇ ያዘችው። ገፋች፣ ሳበች፣ እግሯን ግድግዳ ላይ ተክላ ጎተተች። ልጄ ናት፤ ጉልበት አላት። ቧንቧው ምንም አላለም።

«አሸነፉኝ» አለች። ፊቷ ፈገግ አለ፤ ትንሽም ከፋው፤ ክፍሉን በእጇ ነው ቀለም የቀባችው። ወደ ሳሎን ስትመለስ በሩ ጋ ያለውን አየች።

«ይሄስ?»

«ሻንጣ ነው።»

«አልተነቃነቀም እኮ።»

«ብቻዬን ነበር ያልኩት። ብቻዬን አይደለም። ከላይ ከድር ይዞልኛል። ቃል ቃል ነው። መኪና ጥሪ።»

ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። «ጋሽ ከድር? ሌባው?»

«ሌባ አትበይው! እኔ ነኝ የምለው።»

«መቼ ነው የመጣው?»

«ነሐሴ 19።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ማታ ማታ ይመጣል። ምን ላድርገው? አባርረው? ሽንኩርት ይዞ ይመጣል፤ ያበስላል፤ ጨው ያበዛል። ሳልበላ አይሄድም።»

«ስልክ አለው?»

«ሁለት። ጉረኛ ነው።»

ከሻንጣው ወርዳ ከፈተችው። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ የእናቷ ፎቶ፣ መፍቻው። ከሥር ደግሞ የዳማው ገበታና ሃያ አራት ቆርኪ በፌስታል።

ገበታውን አንስታ ብዙ አየችው። «አባባ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከማን ጋር ሊጫወቱ ነው?»

«ከነፋስ» አልኩ።

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሌላ ሆነ፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እኔ እኮ የፈራሁት ቧንቧውን አልነበረም» አለች። አውቃለሁ።

«ቃሌስ?» አልኳት ቆይቼ።

«እጄን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ቃልዎን እኔው መለስኩልዎ። ግን የጋሽ ከድርን ሁለቱንም ቁጥር ይሰጡኛል። ጠዋት ስደውል ያነሳሉ። አሁን ደግሞ ደብተሩን ያምጡ፣ ግፊትዎን ልይ።»

ይኸው ሸሚዞቼን መልሳ እየሰቀለች ደብተሩን ትጠብቃለች። እኔ ትንሽ የምጽፍበት አለኝ ብያት ነው። አንዱን ገጽ ልቅደድ ብዬ ነበር፤ አልቀደድኩም።

ታቢታ ልጄ፣ ሐምሌ 25 ላይ ስትደርሺ አትጩሂ። የነካው ጉልበቴ ብቻ አልነበረም። ከዙህር እስከ አስር ረጅም ነው። አሁን ቢሆን ለከድር እደውላለሁ።

ግፊት፦ 138 በ 84። ኪኒን፦ ውጫለሁ። ይሄኛው እውነት ነው።